የሄድፎን አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ መሥራት፦ ለድሬ ልጆች የዕቃ አመራረጥና ከአደጋ የራቀ የሽቦ አዘረጋግ

የስልክና የላፕቶፕ የድምፅ መውጫ በአብዛኛው ለትናንሽ ኢርፎኖች የተሠራ ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ሄድፎን ስትሰኩበት ቮሉሙ እስከ ጥግ ተከፍቶም ድምፁ ይሳሳል፣ ባሱ ይላላል። መሃል ላይ የምትገባ ትንሽ አምፕሊፋየር ይህን ታስተካክላለች። ኤሌክትሮኒክስ በእጁ መሞከር ለሚፈልግ ጀማሪም ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው፣ ውጤቱም ሥራው ባለቀበት ቀን ይሰማል።

ከሌላው ሥራ የሚለየው አንድ ነገር አለ፦ የመጨረሻው ሽቦ የሚያርፈው ጆሮ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሕግ አውጥቼ ከነሱ የማልወጣው። አንደኛ፣ የግድግዳው 220 ቮልት ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ የትኛውም ክፍል ቢበላሽ ቀጥተኛ ከረንት (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው) ሄድፎኑ ጋር አይደርስም። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ስሙ በገነነ አይሲ (ድምፁን የሚያጎላው ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቺፕ) ላይ ነው። እኔ ግን ገንዘቡም ጥንቃቄውም መጀመሪያ ለኃይል አቅርቦቱና ለግራውንዱ (የሰርኪቱ ሁሉ የጋራ መመለሻ ለሆነው መስመር) ይሁን ባይ ነኝ፤ ጥሩ ድምፅም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ሄድፎናችሁን እወቁ

ሄድፎኑ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ በኦም የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ሄድፎኑ ከረንትን ምን ያህል እንደሚቃወም ይናገራል። የስልክ ኢርፎኖች ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። ለስቱዲዮ የሚሠሩት 250፣ 300፣ አልፎ አልፎም 600 ኦም ይደርሳሉ። ቁጥሩ ካልተገኘ መልቲሜትራችሁን ኦም ላይ አድርጉና ከጃኩ ጫፍ እስከ ጃኩ ሥር ለኩ፤ የምታገኙት ከእውነተኛው ብዙ አይርቅም።

ይህ ቁጥር የሚያስፈልገው ለሒሳብ ነው። ኃይል ማለት ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል ነው። 1 ቮልት ለ 32 ኦም ሄድፎን ከሰጣችሁ 31 ሚሊዋት ይወስዳል፤ 31 ሚሊአምፔርም ይጠይቃል። ያንኑ 1 ቮልት ለ 300 ኦም ስትሰጡት 3 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል፣ ከረንቱም 3 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። እንግዲህ ዝቅተኛ ኦም ያለው ከረንት ይፈልጋል፤ ከፍተኛ ኦም ያለው ቮልቴጅ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁለቱንም በደንብ ይችላል። ለ 32 ኦም ወደ 20 ሚሊዋት ይሰጣል። በ 1 ሚሊዋት 100 ዴሲቤል ለሚያወጣ ሄድፎን ይህ ከ 110 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮ ሊሸከም ከሚገባው እጅግ ያልፋል።

ኃይሉ ከየት ይምጣ?

ድሬዳዋ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዕቃ በየቤቱ ተጥሎ ይገኛል፦ የተበላሸ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር። አብዛኞቹ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ናቸው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ከ 100 ሚሊአምፔር አያልፍም።

አዳፕተሩን ከመጠቀማችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። መውጫው ከቮልቱ ጎን ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ ሰረዝ ካለው ቀጥተኛ ከረንት ነው። የሞገድ ምልክት ካለው ተለዋዋጭ ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ትንሽ ካሬ በትልቅ ካሬ ውስጥ ያለበት ምልክትም ፈልጉ፤ ድርብ ኢንሱሌሽን አለው ማለት ነው። ይህ ምልክት በተለይ ለኛ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ግራውንድ ያለው ይመስላል እንጂ ከኋላው የተቀበረ ሽቦ የለውም። ቀጥሎ ሰክታችሁ በመልቲሜትር ለኩት። 12 የሚለው 12 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። በውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ከባድ የድሮ አዳፕተር ከሆነ ግን ያለ ጭነት 16 ወይም 17 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ አይደንቃችሁ፣ ግን አትጠቀሙበት። ሽፋኑ የተሰነጠቀ፣ ሲነካ የሚነዝር ወይም ሲያዙት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል አዳፕተር በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ሳጥኑ ውስጥ ትራንስፎርመር አስገብቼ ልሥራው የሚል ሰው አይጠፋም። በ 220 ቮልት ላይ ልምድ ካላችሁ፣ ላይኑ ላይ ፊውዝ አድርጋችሁ፣ የብረት ሳጥኑን ከእውነተኛ ግራውንድ ጋር አስራችሁ የምትሠሩ ከሆነ መብታችሁ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክርም። ፋብሪካ የዘጋውን ሥራ ለፋብሪካ ተዉት።

መብራት ሲሄድም ሙዚቃ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ በዚሁ ሰርኪት ላይ የ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ለ 32 ኦም ግን ይበቃል። ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ፈሶ ሰርኪቱን ይበላል።

ለምን ይህን ሰርኪት መረጥኩ

በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት የእጅ ሥራ የሄድፎን አምፕሊፋየሮች አንዱ ቹ ሞይ የተባለ ሰው ያወጣው ዲዛይን ሲሆን በስሙም ሲሞይ ይባላል። አንዱን ባትሪ በሁለት ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ክፍል) ለሁለት ከፍሎ መሃሉን እንደ ግራውንድ ይጠቀምበታል። ብልህ አሠራር ነው፣ በባትሪም ያምራል። በአዳፕተር ሲሠራ ግን ወጥመድ አለው። የሄድፎኑ ግራውንድ ከአዳፕተሩ ኔጌቲቭ በ 6 ቮልት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ የብረት ሳጥን ሁለቱን ቢያገናኝ ወይም ላፕቶፑና አምፕሊፋየሩ በአንድ አዳፕተር ቢሠሩ ሾርት ይሆናል።

ሁለት ባትሪ ይዞ የሚሠራውም የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛው ባትሪ ቀድሞ ሲያልቅ ወይም ገመዱ ሲላቀቅ አይሲው ወደ አንድ ወገን ይሄድና ብዙ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ሄድፎኑ ላይ ይጥላል። የሄድፎን መጠምጠሚያ ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ቀጥተኛ ከረንት ሲቆይበት ይቃጠላል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ቀላሉንና የድሮውን መንገድ ነው፦ አንድ ኃይል፣ ኔጌቲቩ ራሱ ግራውንድ፣ መውጫው ላይ ደግሞ የድምፁን ሞገድ ብቻ የሚያሳልፍ ትልቅ ካፓሲተር። አይሲው ቢቃጠል፣ ሽቦ ቢላቀቅ፣ ባትሪው ቢያልቅ ካፓሲተሩ ቀጥተኛውን ከረንት ያግደዋል። የብረት አካል ያለው ሁሉ፣ ጃኩም ቮሉሙም ሳጥኑም፣ ከአንድ ግራውንድ ጋር ስለሆነ እርስ በርስ ቢነካካም አደጋ የለም። በድምፅ ጥራት የሚራቀቁ ሰዎች በሙዚቃ መንገድ ላይ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እግር ያለውን) ማየት አይወዱም። መጠኑ ከበቃ ግን የሚያጎድለው የለም፦ 470 ማይክሮፋራድ ከ 32 ኦም ጋር ድምፁን መቀነስ የሚጀምረው 11 ኸርዝ አካባቢ ሲሆን የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ 20 ጀምሮ ነው። 16 ኦም ኢርፎን የምትጠቀሙ ከሆነ 1000 ማይክሮፋራድ አድርጉት።

ወደ ገበያ

ጠዋት ውጡ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ብዙው ሱቅ ይዘጋና ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብሎ ነው የሚከፈተው። ታይዋን ገበያ ውስጥና አካባቢው ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችና ጠጋኞች አብዛኛውን ታገኛላችሁ። ያላገኛችሁትን ጠጋኞቹ ጋር ከተቆለለው የዲቪዲ ማጫወቻና የኮምፒውተር ስፒከር ሬሳ ላይ ፈቱ።

አይሲው ኤንኢ 5532 ነው። ርካሽ ነው፣ በየቦታው አለ፣ ጫጫታው ትንሽ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አምፕሊፋየር ስላለው ለግራም ለቀኝም ይበቃል። በጣም የሚወደስ ኦፒኤ 2134 የሚባል አለ፤ እውነተኛው ጥሩ ነው፣ ግን በየዓለሙ ገበያ አስመስሎ የሚጻፍበት እሱ ነው። ኤልኤም 386 ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ለትንሽ ስፒከር የተሠራ ሲሆን ቢያንስ 20 እጥፍ ስለሚያጎላ ሄድፎን ላይ ሽሽታው ጎልቶ ይሰማል። ጄአርሲ 4558 ከአሮጌ ዕቃ ሁሉ ይወጣል። የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ስለሆነ ለሙከራ ይገጥማል፤ ለ 32 ኦም ግን ከረንቱ ደካማ ነው።

በ 5532 ስም ሌላ ነገር እንዳይሸጡላችሁ እዚያው ሱቅ በር ላይ የምታደርጉት ምርመራ አለ። እውነተኛው 5532 በሁለቱ መግቢያዎቹ መካከል ፊትና ኋላ የተገናኙ ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) አሉት፤ 4558 የለውም። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉና እግር 2 እና እግር 3ን ንኩ (የእግሮቹ አቆጣጠር ከታች ሽቦ አዘረጋጉ ላይ አለ)። ወደ 0.7 ቮልት ያሳያል። ዘንጎቹን አገላብጣችሁ ስትነኩም ያው ይደገማል። 5 እና 6 ላይም እንደዚሁ። በአንዱም ወገን ካላነበበ 5532 አይደለም። ባለሱቁ "አቦ፣ ይሄ እኮ ኦሪጂናል ነው!" ማለቱ አይቀርም። "ወንድሜ፣ አምኜሃለሁ፣ ግን አንዴ በመልቲሜትር ልየው" ብትሉት የሚከፋ ነጋዴ ድሬ ውስጥ የለም። እንዲያውም ቀጥሎ ሌላ መደርደሪያ ከፍቶ የተሻለውን ያወጣላችኋል።

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር አንብቡ። 85 ዲግሪ የሚሉና 105 ዲግሪ የሚሉ አሉ፤ 105ቱን ውሰዱ። የእነዚህ ካፓሲተሮች ዕድሜ ሙቀቱ በ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል፤ ቤታችን ደግሞ ከሰዓት ላይ ራሱ 35 ዲግሪ ነው። ቮልቴጁ 25 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አናቱ ያበጠ ወይም ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር የፈሰሰበት ከአሮጌ ቦርድ የወጣ ካፓሲተር በርካሽ ቢመጣም ይቅር።

ሬዚስተሮቹ ሩብ ዋት፣ ሜታል ፊልም፣ 1 በመቶ ቢሆኑ ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ናቸው። በቀለም ማንበቡን ብትችሉም እያንዳንዱን ለክታችሁ ብቻ ግዙ። ብርሃኑ ደከም ባለ ሱቅ ውስጥ ቡናማና ቀይ አንድ ይመስላሉ።

ቮሉሙ ባለ ሁለት ድርብ፣ 10 ኪሎኦም፣ ሎጋሪዝሚክ ይሁን። የእስያ ዕቃዎች ላይ "ኤ" ፊደል ሎጋሪዝሚክ፣ "ቢ" ፊደል ሊኒየር ማለት ነው። በሊኒየሩ ገና ትንሽ ስታዞሩት ድምፁ ይጮህና ከዚያ በኋላ ለውጥ አይሰማም። ከገዛችሁ በኋላ በመልቲሜትር ሁለቱን ወገን በግማሽ መንገድ ላይ አነጻጽሩ፤ በጣም ከተራራቁ ግራና ቀኙ እኩል አይሰማም፣ ይመለስ።

የቀረው ይህ ነው፦ ባለ 8 እግር የአይሲ ሶኬት፣ ሁለት የ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ፣ የአዳፕተር መሰኪያ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ 250 ሚሊአምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ ዳዮድ 1ኤን 4007፣ አንድ ኤልኢዲ (መብራቱን የምታሳይ ትንሽ አምፖል)፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቦርድ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ። ሳጥኑ ክዳን ያለው የፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ሊሆን ይችላል፣ የብስኩት ቆርቆሮም ይሆናል። ማናፈሻ ቀዳዳ አትብሱለት፤ ይህ አይሲ የሚያመነጨው ሙቀት ኢምንት ነው፣ የድሬ አቧራ ግን ቮሉሙ ውስጥ ገብቶ በወር ውስጥ ያንኮሻኩሸዋል።

ሥራ ቦታና ሶልደር

የኤሌክትሮኒክስ ሶልደር (ቀልጦ የሚበይደው ሽቦ) በመሃሉ ሮዚን የሚባል ሙጫ ያለው ነው። ለቧንቧና ለቆርቆሮ ብየዳ የሚሸጠው አሲድ ያለው ማጣበቂያ ቦርዱን እየበላ ይቆያልና አታስጠጉት። 63 ለ 37 የሚለው ሶልደር በ 183 ዲግሪ ቀልጦ ወዲያው ስለሚጠና ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ውስጡ እርሳስ አለ፤ እየሠራችሁ አትብሉ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የቬንትሌተሩ ነገር ነው። በዚህ ሙቀት ያለ ቬንትሌተር መቀመጥ አይቻልም፣ ጭሱንም መሳብ አለበት። ግን ከላይ በቀጥታ ሲነፍስ የሶልደሪንግ አይረኑን ጫፍ ያቀዘቅዘዋል፤ ሶልደሩም ሳይሰርግ ከላይ ይጠናል። ደህና መገጣጠሚያ አንጸባራቂ ነው፣ ከሥሩ ሰፋ ብሎ ወደ እግሩ ተዳፋት ይወጣል። ደብዝዞና ሻክሮ እንደ ኳስ ከቆመ አልያዘም። ቬንትሌተሩን ከጎን አድርጉት፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊታችሁ ወደ መስኮት ይግፋ፣ እጃችሁ ባለበት ግን አይለፍ። የአይረኑን ጫፍ ለእግሩም ለመዳቡም አስነኩ፣ ሁለቱ ሲሞቁ ሶልደሩን እነሱ ላይ አቅልጡ፤ ከ 2 እስከ 3 ሰከንድ ይበቃል።

ሽቦ አዘረጋግ፣ በቅደም ተከተል

ኃይሉን አስቀድሙ። የአዳፕተሩ መሰኪያ ፖዘቲቭ ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ ዳዮዱ ይሄዳል። የዳዮዱ ነጭ ቀለበት ወደ ሰርኪቱ ይዙር፤ አዳፕተሩ በተቃራኒ ቢሰካ ምንም እንዳይሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዳዮዱ ቀጥሎ 10 ኦም ሬዚስተር፣ ከሬዚስተሩ ማዶ ደግሞ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ። እነዚህ ሁለቱ የአዳፕተሩን ጫጫታ ያጣራሉ። የካፓሲተሩ ጎን ላይ ሰረዝ ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ ግራውንድ ይሂድ። ተገልብጦ የገባ ኤሌክትሮላይቲክ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል፤ እያንዳንዱን ከመበየዳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። ኤልኢዲው በ 4.7 ኪሎኦም በኩል ከዚሁ መስመር ወደ ግራውንድ ይገባል።

መካከለኛውን ነጥብ ሥሩ። ከተጣራው ፖዘቲቭ 10 ኪሎኦም፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ 10 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ የቮልቴጁ ግማሽ ነው። እዚያ ላይ 100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ አስገቡ።

አሁን የአይሲውን ሶኬት አስቀምጡ። ጎድጎድ ያለው ወገን ወደ ላይ ሲዞር ከላይ በግራ ያለው እግር 1 ነው፤ በግራ በኩል ወደ ታች እስከ 4 ይቆጠራል፣ ከታች በቀኝ 5 ይጀምርና ወደ ላይ 8 ላይ ያልቃል። 8 ወደ ፖዘቲቭ፣ 4 ወደ ግራውንድ። በ 8 እና በ 4 መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በተቻለ መጠን ለእግሮቹ ተጠግቶ ይበየድ። ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትተዉአት፤ እሷ ከሌለች አይሲው ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ሊንቀጠቀጥና ያለ ምክንያት ሊሞቅ ይችላል።

ግራውን ቻናል እንሥራ። ከቮሉሙ መካከለኛ እግር 1 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር ወደ እግር 3 ይሂድ። ፊልም ከጠፋ 1 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ፣ ፖዘቲቩ ወደ እግር 3 ዞሮ። ከእግር 3 ደግሞ 47 ኪሎኦም ወደ መካከለኛው ነጥብ። ከእግር 1 ወደ እግር 2፣ 4.7 ኪሎኦም። ከእግር 2፣ 2.2 ኪሎኦም፣ ከሱ ቀጥሎ 47 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ፣ ፖዘቲቩ ወደ ሬዚስተሩ። እነዚህ ሁለት ሬዚስተሮች ማጉያውን ወደ 3 እጥፍ ያደርጉታል። ሲሞይ በመጀመሪያው ዲዛይኑ 11 እጥፍ ነበር፤ ለዛሬ ስልክና ላፕቶፕ ግን 3 ይበቃል፣ ሽሽታውም ይቀንሳል። መውጫው ከእግር 1 በ 10 ኦም በኩል ወደ 470 ማይክሮፋራድ ፖዘቲቭ ይገባል፤ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ ወደ ሄድፎን ጃኩ ይወጣል። ከጃኩ ወገን 1 ኪሎኦም ወደ ግራውንድ ማሰሩን አትርሱ፤ ሄድፎን ሳይሰካ ካፓሲተሩ እንዲሞላ ያደርገዋል፣ ካልሆነ ስትሰኩ ጆሮ ላይ "ቧ!" ይላል።

ቀኙም ያው ነው፦ 5 በ 3 ፋንታ፣ 6 በ 2 ፋንታ፣ 7 በ 1 ፋንታ።

ጃክ ላይ ጫፉ ግራ፣ መሃሉ ቀኝ፣ ሥሩ ግራውንድ ነው። የትኛው እግር የትኛው እንደሆነ በዓይን አትገምቱ፤ የጃክ ገመድ ሰክታችሁ በመልቲሜትሩ ድምፅ ፈልጉት። የመግቢያውን ግራና ቀኝ ወደ ቮሉሙ አንድ ጫፍ፣ የቮሉሙን ሌላ ጫፍ ወደ ግራውንድ እሰሩ። በስተግራ ሲዞር ድምፁ የሚጠፋበት ጫፍ ነው ግራውንድ የሚሆነው። የቮሉሙ የብረት አካልም በአንዲት ሽቦ ግራውንድ ይነካ፤ ያለዚያ እጃችሁ ሲቀርበው ይጮሃል።

ግራውንዶቹን ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለላችሁ አታያይዙ። ሁሉም ከ 1000 ማይክሮፋራዱ ኔጌቲቭ ይነሱ፦ አንዱ ለመግቢያው፣ አንዱ ለሄድፎን ጃኩ፣ አንዱ ለመካከለኛው ነጥብና ለአይሲው። የሄድፎኑ ትልቅ ከረንት ከመግቢያው ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ከተመለሰ ግራው ቀኙ ውስጥ ይሰማል። የመግቢያ ሽቦዎችን አጠር አድርጋችሁ ጠምዝዟቸው፣ ከኃይል ሽቦው አርቁ። የተበየደ ባዶ ጫፍ ሁሉ ቱቦ ይልበስ። ናስትሮ በቸኮላችሁ ጊዜ ይሠራል፤ ግን ማጣበቂያው በሙቀት ይቀልጥና ከጥቂት ወራት በኋላ ተላቅቆ ይንሸራተታል። ከሳጥኑ የሚወጣ ገመድ ካለ ሲጎተት ክብደቱ ሶልደሩ ላይ እንዳያርፍ ከውስጥ ቋጠሮ ይኑረው።

አይሲው ሳይገባ ለኩ

ሶኬቱ ባዶ እንዳለ፣ አዳፕተሩም ሳይሰካ፣ በ 8 እና በ 4 መካከል ኦም ለኩ። ቁጥሩ ካፓሲተሩ ሲሞላ ቀስ እያለ ይወጣል። ዜሮ ላይ ከቀረ ሾርት አለ፤ በቦርዱ ጀርባ የፈሰሰ ሶልደር ፈልጉ።

አሁን ሰኩ። በ 8 እና በ 4 መካከል 11.3 ቮልት አካባቢ ታገኛላችሁ፤ የጎደለውን ዳዮዱ ወስዶታል። መካከለኛው ነጥብ የዚያ ግማሽ መሆን አለበት። እግር 3 እና 5ም ያንኑ ያሳያሉ። ልክ ከሆነ አዳፕተሩን ንቀሉ፣ ኤልኢዲው እስኪጠፋ ጠብቁ፣ አይሲውን በጎድጎዱ አቅጣጫ አስገቡ፣ መልሳችሁ ሰኩ። እግር 1 እና 7 ግማሹን ቮልቴጅ ካሳዩ አይሲው እየሠራ ነው። አንዱ ወደ ዜሮ ወይም ወደ 11 ከተጠጋ በዚያ ወገን ያሉትን ሬዚስተሮች ፈትሹ። ጠቅላላ የሚወስደው ከረንት ከ 10 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው፤ ከ 50 ካለፈ ወዲያው አጥፉት።

የመጨረሻው ልኬት የሄድፎን ጃኩ ላይ ነው፦ ጫፉና ሥሩ፣ ከዚያ መሃሉና ሥሩ፣ በቀጥተኛ ሚሊቮልት። ሲበራ ዘለል ብሎ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከ 20 ሚሊቮልት በታች ይቀመጥ። ካልወረደ የመውጫው ካፓሲተር ተገልብጧል ወይም ያፈሳል፤ ሳይቀየር ምንም ሄድፎን አይሰካ።

ይህን ሁሉ ካለፈም የመጀመሪያው ተሰኪ ውዱ ሄድፎን አይሁን። ከመንገድ ዳር የተገዛ ርካሽ ኢርፎን ሰኩና ጆሮ ላይ ሳታደርጉ ከሩቅ አዳምጡት። ሁልጊዜም ማብራትና ማጥፋት ሄድፎኑ ከጆሮ ላይ ሳለ አይሁን። መብራት ሲሄድ አዳፕተሩን ንቀሉና ሲመለስ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ፤ በሚመለስበት ቅጽበት ቮልቴጁ የሚዘለው ዘሎ ያልፋል።

ድምፁ ላይ ችግር ሲኖር

የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ መሣሪያው ብቻ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ከተሰማ የሄድፎን ጃኩ ግራውንድ ተቋርጧል። ግራና ቀኙ በተከታታይ ስለሚገናኙ በሁለቱ እኩል የተቀዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን ባለ ሦስት እግር ጃክ ላይ ሲሰካም ይኸው ሊደርስ ይችላል፤ ማይክ በሌለው ሞክሩት።

ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ እያለ ብቻ "ዥ" የሚል ከሆነ ጥፋቱ ከእናንተ ሥራ አይደለም፤ ቻርጀሩን ንቀሉና አረጋግጡ። ጃክ ሲነካ ብቻ የሚጮህ ግራውንዱ የላላ ነው። ቮሉሙ ዜሮ ላይ ሆኖም የሚያፏጭ ከሆነ አዳፕተሩን አውጥታችሁ በ 9 ቮልት ባትሪ ሞክሩ፤ ፀጥ ካለ ሌላ አዳፕተር ፈልጉ፣ ካላለ 0.1 ማይክሮፋራዷን እዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ይህች ሳጥን ከዚያ በብዙ ታልፋለች። ቮሉሙን ከዜሮ ጀምራችሁ ክፈቱ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ሲያናግራችሁ የምትሰሙበት ላይ ስትደርሱ እዚያ የቮሉሙ ቆብ ላይ ነጥብ በቀለም አድርጉ፤ ከሱ በላይ ለልጆችም ለራሳችሁም አታሳልፉ።

በዚህ ከረካችሁ በኋላ ሶኬቱ ላይ አይሲ መቀያየር ትችላላችሁ። ለ 16 እና ለ 32 ኦም ኤንጄኤም 4556 ተመራጭ ነው፤ ወደ 70 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ የእግሮቹ አቀማመጥም ያው ነው። አንዱን አውጥታችሁ ሌላውን ባስገባችሁ ቁጥር የጃኩን ሚሊቮልት እንደገና ለኩ።